የራውተር አሥራ አንድ ስም

ጋሽ ሽቦ መነጽራቸውን ሊያሳድሱ ወደ መነጽር ቤቱ የሄዱት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። መነጽር ቤቱ ያለበት ሕንፃ ዱሮ የስልክ ማዞሪያ ነበረ። ዛሬ ምድር ቤቱ ለሱቆች ተከራይቷል፤ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ በሺህ የሚቆጠር ሽቦ ይወጣበት የነበረው የወለል ቀዳዳም በሴራሚክ ተደፍኗል። እሳቸው ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ተራቸውን ሲጠብቁ የሚታያቸው የተደረደረው ፍሬም አልነበረም። በመስታወቱ በኩል እስከ ጣራው የቆመው የመስመር ማከፋፈያ፣ በዚህኛው በኩል ማዳመጫቸውን የደፉት ኦፕሬተሮች፣ ከኋላ ክፍል የሚመጣው የሞቀ አቧራና ሽቦ የሚበየድበት የቀለጠ ስታኞ ሽታ፣ ሁሉም ትናንት እንደተዉት ሆኖ ይታያቸዋል። ሰው ጉልበቱን የጨረሰበት ቤት በቀለም አይሸፈንለትም።

እኚህ ሰው ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቦ ሲፈቱና ሲቋጥሩ፣ ከዚያም በቴክኒክ ማሠልጠኛው ይህንኑ ሙያ ሲያስተምሩ ስለኖሩ፣ «ጋሽ ሽቦ» የሚለው ቅጽል ዋናውን ስም ገፍትሮ ወንበሩን ወርሶታል።

«መምህር! እርስዎ ነዎት?» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ቀና አሉ። አንድ እግሩ የተነቀለ መነጽር በእጇ የያዘች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ከፊታቸው ጎንበስ ብላለች። የእሳቸው መነጽር ባለሙያው ዘንድ ስለነበረ ፊቷ ጭጋግ ሆነባቸው።

«ማን ልበል?»

«ድምፄንም ረሱት?»

«ድምፅሽንማ የማውቀው ይመስለኛል። እስቲ አንድ ነገር ጠይቂኝ።»

«ለምን?»

«አሃ! እመት ለምን!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ባለሙያው ደንግጦ ከጠረጴዛው ቀና አለ።

እውነትም እሷ ነበረች። በማሠልጠኛው ሳለች መምህሩ አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር እጇን አውጥታ «ለምን?» ስለምትል፣ ይህን ቅጽል ያወጡላት ራሳቸው ጋሽ ሽቦ ናቸው። አሁን እዚያው ማሠልጠኛ ውስጥ ፕሮግራም ሠሪ ሆናለች፤ የምትንከባከበውም እሳቸው ትተውት የወጡትን «መለማመጃ» የተባለ ሥራ ነው።

መለማመጃ ከሃያ ዓመት በፊት ጋሽ ሽቦና አንድ የሥራ ባልደረባቸው በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩት ፕሮግራም ነው። ሠልጣኞች በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ሲሞክሩ የሰው መስመር እንዳይቆርጡ፣ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙት ራውተሩም ስዊቹም ገመዱም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ሆኖ የሚሠራበት፣ ተበላሽቶ የሚጠገንበት ሜዳ ነው። ሠልጣኙ አንድ መሣሪያ ጎትቶ ሰሌዳው ላይ ሲያስቀምጥ ፕሮግራሙ ራሱ ስም ይሰጠዋል፤ ራውተር አንድ፣ ራውተር ሁለት እያለ ይቀጥላል። ያ ስም እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ለመለወጥ የፈለገ ሰው መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ገመዱን ሁሉ ነቅሎ፣ ሥራውን ከሀ መጀመር አለበት። ጋሽ ሽቦ ጡረታ ሲወጡም እሳቸው ሳይፈቅዱ የፕሮግራሙ መሠረት እንዳይነካ ከማሠልጠኛው ጋር ተስማምተው ፈርመዋል።

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያየቁ። ከዚያ እመት ለምን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መምህር፣ ስለ ስም መለወጡ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ልኬልዎት ነበር።»

«ደርሶኛል። ለሁለቱ አይሆንም ብዬ መለስኩ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውን ደግሜ አይሆንም ከምልሽ ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነው። የምወድሽ ልጅ ነሽ።»

«እኔም እርስዎን ስለማከብር ነው ደጋግሜ የምጠይቀው። አንዳንዶቹ ‹ሽማግሌውን ተያቸው፣ ዝም ብለሽ ጨምሪው› ይሉኛል። እኔ ግን ሳይፈቅዱ አልነካውም። ነገር ግን ጊዜ የለንም። ኃላፊው እስከ ወሩ መጨረሻ ሠልጣኞች የመሣሪያ ስም መለወጥ ካልቻሉ መለማመጃን ትተን ሌላ ፕሮግራም እንይዛለን ብለዋል።»

ጋሽ ሽቦ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ልክ መብራት እንደጠፋበት ክፍል ሆነ። ቢሆንም እጅ አልሰጡም።

«ይተዉታ። ያልሆነ ነገር ተጨምሮበት ከሚኖር በክብር ቢቀር ይሻላል። ስም ማለት እኮ ምሰሶ ነው ልጄ። ምሰሶ በየቀኑ አይነቀልም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የራውተር አሥራ አንድን ስም ያወጣው ግን መልአክ አይደለም፤ አሥር ብሎ ቆጥሮ የጨረሰ ፕሮግራም ነው።»

መነጽር ሠሪው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ጋሽ ሽቦም ከንፈራቸው ሊከዳቸው ትንሽ ቀረው።

«ደግሞስ» አለች፣ «መታወቂያዎ ላይ ያለውን ስም ማሠልጠኛው ውስጥ ስንት ሰው ያውቀዋል? ጋሽ ሽቦ ሲባል ግን ዘበኛው ሳይቀር ብድግ ይላል። ሥራዎን የሚናገረው የቱ ነው?»

«እኔ ሰው ነኝ። የእኔ ስም ቢለወጥ የማንም መስመር አይቆረጥም።»

«የመሣሪያ ስም ቢለወጥስ ለምን ይቆረጣል?»

«ለምን?» አሉና ዓይናቸውን ወደ ነጩ ግድግዳ ላኩ። «እዚህ ቤት ውስጥ፣ ያ ትልቁ መስታወት ያለበት ቦታ ላይ ስለተቆረጠ።»

አንባቢ ሆይ፣ የሽማግሌ እምቢታ ብዙ ጊዜ ግትርነት ይመስለናል። ወደ ውስጡ ብንገባ ግን በአብዛኛው አንድ ያልዳነ ቁስል እናገኛለን። ቁስሉን ሳያዩ ከእምቢታው ጋር መታገል ከበር ጋር እንደ መጣላት ነው። እመት ለምን ይህን የምታውቅ ልጅ ስለነበረች አፏን ዘግታ አዳመጠች።

«ፉጨትን አላወቅሽውም» ሲሉ ጀመሩ። «መለማመጃን አብሮኝ የሠራው እሱ ነው። አንቺ ስትመጪ አርፎ ነበር። ያን ስም ያወጣንለት ሲሠራ ስለሚያፏጭ ነው። እዚህ ማከፋፈያው ላይ መሰላል ዘርግቶ ወጥቶ ሽቦ ሲቋጥር፣ ኦፕሬተሮቹ ጥሪ እያገናኙ ፉጨቱን ይሰሙት ነበር። ደንበኞች ሳይቀሩ ‹ማነው ደስ ያለው?› ብለው ይጠይቁ ነበር። ጊዜው ደግ ነበር፤ ወይ እኛ ወጣት ስለነበርን ደግ መስሎን ይሆናል።

«አንድ አዲስ አለቃ መጣ። መለያዎቹ ተቀላቅለዋል፣ ለዓይን አያምሩም አለና በየሽቦው ላይ የተለጠፈው ቁጥር እንደገና በተርታ ይጻፍ ብሎ አዘዘ። ተጻፈ። በሳምንቱ ፉጨት የማይሠራ አሮጌ መስመር ቁረጥ ተባለ። መዝገቡን አየ፤ ቁጥሩን አየ፤ ሁለት ጊዜ አመሳከረና ቆረጠ። የቆረጠው የእሳት አደጋ ጣቢያውን መስመር ነበር። አርባ ደቂቃ ሳይታወቅ ቆየ። በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ከታች ሰፈር የአንድ ቤተሰብ የእንጨት ሥራ ቤት ዐመድ ሆነ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ፉጨት ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላፏጨም። ስሙ ብቻ ቀረ። መለማመጃን ስንሠራ፣ ‹ስም አንዴ ከወጣ አይነካም› ተባብለን እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። አሁን እሱ በሌለበት እኔ ብቻዬን ላፍርሰው?»

እመት ለምን እግሩ የተነቀለውን መነጽሯን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«መምህር» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «መዝገቡስ ላይ ያለው ቁጥር አብሮ ተለውጦ ነበር?»

«የለም። አለቃው መዝገቡን ‹በኋላ› አለ።»

«እንግዲያው ያሳታቸው መለያው መለወጡ ነው ወይስ መዝገቡ ሳይለወጥ መቅረቱ?»

ጋሽ ሽቦ ተቆጡ። «ይህ የቃል ጨዋታ ነው! ፉጨት ፊት ቆመሽ ይህን ትዪ ነበር?»

«አጠፋሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ጎንበስ አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ማሠልጠኛው ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ልምምድ ላይ ናቸው። መጥተው ይዩት። ካዩ በኋላም አይሆንም ካሉ፣ ሁለተኛ አላነሳብዎትም። ለኃላፊውም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

የታደሰው መነጽር መጣ። አደረጉት። የልጅቷን ፊት አሁን በደንብ አዩት፤ ዓይኗ ሥር ያለው ድካም የእሳቸውን የዱሮ ድካም መሰላቸው። ተነሥተው ተከተሏት።

ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ለአፍታ ቆም አለ። ጠረጴዛዎቹ ተለውጠዋል። ጥቁሩ ሰሌዳ በነጭ ተተክቷል። ያኔ ከፉጨት ጋር በአንድ ኮምፒውተር ፊት ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የሚሠሩበት ጥግ ላይ አሁን የውኃ ማጣሪያ ቆሟል። በአሥራ ስምንቱ ስክሪን ላይ ግን የእነሱው መለማመጃ፣ ያንኑ ግራጫ ሰሌዳ ዘርግቶ ይታያል።

ቀረብ ብለው ሲያዩ አንድ ነገር ገረማቸው። በየስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የስም ዝርዝር ነው መምህር» አለች ከፊት የተቀመጠች ሠልጣኝ ብድግ ብላ። «ካለፈው ሳምንት ጀምረን የምንሠራው የባለ አራት ፎቅ ቤተ መጻሕፍት ኔትወርክ ነው። አሥራ ስድስት ራውተር አለ። የትኛው የት እንዳለ በቁጥር ማስታወስ ስላልቻልን፣ ‹አሥራ አንድ የመጋዘኑ፣ አሥራ አራት የዋናው በር› እያልን እንጽፋለን።»

«ቁጭ በይ፣ ሥራሽን ቀጥዪ» አሏትና ከኋላዋ ቆሙ።

ሠልጣኟ በመጋዘኑ ራውተር ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ አጥፍታ እንደ አዲስ ማዋቀር ነበረባት። ወረቀቱን አየች። ራውተር አሥራ አንድ። ደግማ አየች። ትእዛዙን ጻፈች። በቅጽበት ከሰሌዳው ግማሽ ያህሉ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆነ።

«ጉድ ሆንኩ!» ብላ ራሷን ያዘች። «ዋናው በር ነው! የሦስት ቀን ሥራዬ!»

ወረቀቱ የእሷ አልነበረም። ያንኑ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ የሚጠቀም ሌላ ሠልጣኝ ለራሱ ሰሌዳ የጻፈው ነው። በእሱ ሰሌዳ ላይ አሥራ አንድ መጋዘን ነው፤ በእሷ ላይ አሥራ አንድ ዋናው በር ነው።

ጋሽ ሽቦ ባዶ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ልጅቷ መዝገቧን አይታለች፤ ቁጥሩን አይታለች፤ ሁለት ጊዜ አመሳክራለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በር ቆልፈው ያስቀሩት የመሰላቸው ስሕተት በመስኮት ገብቶ ከፊታቸው ተቀምጧል። እመት ለምን አጠገባቸው ቆማ ቀዩን መብራት ታያለች።

«ስሙማ ተለውጧል» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ አይነካም ስንል፣ ልጆቹ በወረቀት ለውጠውታል። ያላወቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው።»

«አዎ፣ መምህር።»

«በመነጽር ቤቱ ውስጥ ያልሽኝ ይህንን ነው ለካ።»

«ለማለት የሞከርኩት እሱን ነበር፤ አጉል ቦታ ላይ አልኩት እንጂ።»

«አላጠፋሽም። እኔና ፉጨት የተማማልነው ስሕተቱ እንዳይደገም ነው። መሐላውን ጠብቄ ስሕተቱን ካስደገምኩ ለማን ታመንኩ?» ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ የዱሮው መምህር ተመለሰና ጣታቸውን አነሡ። «ግን በዘፈቀደ አይሆንም! ጻፊ። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት መሣሪያ አንድ ስም አይያዝ።»

«ፕሮግራሙ እምቢ ይላል።»

«ስም ሲለወጥ ‹በኋላ› የሚባል ነገር የለም። ሰሌዳው ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ የትእዛዝ መስኮቱ አናት ላይ፣ የሚቀመጠው ፋይል ላይ፣ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይለወጥ።»

«እሺ።»

«የቀድሞው ስምም አይጥፋ። ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደለወጠው ይመዝገብ። ከሥር ደግሞ ለእያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ጣት አሻራ የማይለወጥ አንድ ቁጥር አለ፤ እሱን ማንም እንዳይነካ።»

«እሱንማ እርስዎና ጋሽ ፉጨት ቀድማችሁ አስቀምጣችሁታል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰሌዳው ላይ ስሙ ሲለወጥ መሣሪያው በውስጡ ራሱን የሚጠራበት ስምም አብሮ ይለወጥ።»

«አይሆንም!»

«ለምን?»

«መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ስሙን በትእዛዝ መጻፍ የትምህርቱ አካል ነው። ነገ እውነተኛ ራውተር ፊት ሲቆሙ ማን ይጽፍላቸዋል? አንቺ?»

እመት ለምን አሰበች፤ በዚህኛው ተረታች። ጋሽ ሽቦም አንዱን ሰጥተው አንዱን በመያዛቸው ቀና ብለው ወጡ። ክርክር ማለት እንዲህ ሲሆን መልካም ነው፤ አንዱ ሌላውን ጥሎ የሚሄድበት ሳይሆን ሁለቱም ከመጡበት የተሻለ ነገር ይዘው የሚመለሱበት።

በዘጠነኛው ቀን አዲሱ ሥራ ደረሰና ለሙከራ ወደ ጋሽ ሽቦ ቤት ተላከ። ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀምጠው፣ ሻዩም ቀዝቅዞ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ ስም ሲለውጡ ዋሉ። ባዶ ስም ሰጡት፤ እምቢ አለ። የሁለት መስመር ያህል ረጅም ስም ሰጡት፤ ልኩን ነገራቸው። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ስም ሊያሲዙ ሞከሩ፤ ከለከላቸው። ከዚያ አስቀምጠው ዘጉና እንደገና ከፈቱት። ወዲያው ስልክ አነሡ።

«አገኘሁት! አገኘሁት!»

«ምን አገኙ መምህር?»

«ሰሌዳው አዲሱን ስም ያውቃል፤ የራውተሩ ሥራ የሚቀመጥበት ማኅደር ግን አሁንም በድሮው ስም ነው ያለው። ዘግቼ ስከፍተው ራውተሩ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ያ አለቃ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ተደብቋል!»

እመት ለምን ጆሮዋ እስኪቀላ አፈረች። እሷና ሁለት ባልደረቦቿ ሦስት ቀን ፈትሸው አልታያቸውም ነበር። በዚያኑ ቀን አስተካከለችው፤ ማኅደሩ ከእንግዲህ የሚከተለው የማይለወጠውን ቁጥር እንጂ ስሙን እንዳይሆን አደረገች። ሽማግሌውን «ተያቸው» ብለው የመከሯት ሰዎችም ይህን ሲሰሙ፣ የድሮ ሰው ፍርሃት በወጉ ከተጠየቀ ምን ያህል እንደሚጠቅም ተረዱ።

ኃላፊው መጥተው አዩ። መለማመጃም በሌላ ሳይተካ በቦታው ቆየ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የማሠልጠኛው ሰዎች ሁሉ ይመሰክራሉ። ቢጫ ወረቀቶቹ ከየስክሪኑ ወረዱ። ዱሮ አንዱ ቡድን የሠራውን ኔትወርክ ሌላው እንዲጠግን ሲሰጠው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ረፋዱ ያልቅ ነበር፤ አሁን ብልሽቱን አግኝተው ከእረፍት በፊት ይጨርሳሉ። በአንድ ፈረቃ የተጀመረውን ሥራ ሌላው ፈረቃ ሳይደናገር ይረከባል። የተሳሳተም ቢኖር መዝገቡን ገልጦ ስሙ መቼ እንደተለወጠ ያያል፤ ጥፋተኛ ፍለጋ መጨቃጨቅ ቀርቷል። ከሁሉም በላይ ልጆቹ ለመሣሪያው ስም ሲያወጡ፣ ያ መሣሪያ ለምን እንደቆመ አስቀድመው ያስባሉ፤ ይህን ደግሞ ቁጥር አያስተምርም።

ስም አወጣጥን የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ኃላፊው ጋሽ ሽቦን ጠየቋቸው። «እምቢ ብዬ ሃያ ዓመት የቆየሁበትን እኔው ላስተምር?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያም እሺ አሉ። በመጀመሪያው ቀን በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲዘዋወሩ፣ አንዷ ሠልጣኝ «በር» ብላ ጽፋ አዩ።

«የቱ በር?»

«ዋናው፣ መምህር።»

«የቱ ፎቅ?»

«ምድር ቤት። እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። ነገ አንቺ ታመሽ የቀረሽ ዕለት የሚመጣው ሰውስ? ለእሱ ጻፊለት።»

ልጅቷ አጥፍታ «ዋናው-በር-ምድር-ቤት» ብላ ጻፈች። ጋሽ ሽቦ ጎንበስ ብለው አነበቡት፤ «አሁን ለእኔም ገባኝ» አሏትና ወደ ቀጣዩ ወንበር አለፉ።